ስምንት ጣት የነበረው የውሃ እንስሳ

«አምስቱ ጣት እኩል አይደለም» ይላል የአገራችን ሰው። ጣቶቹ እኩል ስላለመሆናቸው ይነገራል እንጂ ለምን አምስት ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። ከ365 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው አካንቶስቴጋ ግን በእያንዳንዱ እግሩ ላይ ስምንት ጣት ነበረው።

አካንቶስቴጋ ባለ አከርካሪ እንስሳት ከዓሣነት ወደ ባለ አራት እግርነት በተሸጋገሩበት ዘመን የኖረ አዳኝ ነው። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ጠፍጣፋ ራስ፣ ስል ጥርስና ረጅም ጅራት ነበረው። ቅሪተ አካሉ የተገኘው በምሥራቅ ግሪንላንድ ነው። ዛሬ በረዶ የተጫናት ግሪንላንድ በዚያ ዘመን ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቀች፣ ወንዞች የሚፈስሱባት ሞቃት ምድር ነበረች።

ስሙን እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡለት ስዊድናዊው ኤሪክ ያርቪክ ናቸው። በእጃቸው የነበረው ግን የራስ ቅል ስባሪ ብቻ ነበር። በ1987 የካምብሪጇ ተመራማሪ ጄኒፈር ክላክ አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ከዓመታት በፊት በጻፈው የመስክ ማስታወሻ ተመርተው ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ተራራ ወጡ። ከአለቱ ውስጥም ከራስ እስከ ጅራት የተሟሉ አጽሞችን ይዘው ተመለሱ። አጥንቱ ከድንጋዩ በጥንቃቄ ሲፈለቀቅ ያልተጠበቁት ስምንት ጣቶች ብቅ አሉ። ክላክና ባልደረባቸው ማይክል ኮትስ ይህን በ1990 ይፋ አደረጉ።

ከዚያ በፊት ሲነገር የኖረው ታሪክ ሌላ ነበር። ኩሬ ሲደርቅባቸው ዓሦች ሌላ ውሃ ፍለጋ በየብስ ሲሳቡ እግር አወጡ ይባል ነበር። የአካንቶስቴጋ አካል ግን ይህን አይደግፍም። በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ አልጠፋም። የጎን አጥንቶቹ አጫጭር ስለነበሩ በየብስ ላይ ሆዱን ደግፈው ሊይዙለት አይችሉም። ከታችኛው ክንዱ ሁለት አጥንቶች አንዱ ከሌላው በጣም ስለሚያጥር፣ አንጓውም ስላልጠነከረ፣ በእጁ ተመርኩዞ መቆም አይሆንለትም። ጅራቱን የከበበው እንደ ዓሣ ያለ ስስ መቅዘፊያ ደግሞ በመሬት ላይ ቢጎተት ተቦጫጭቆ ያልቅ ነበር።

ታዲያ እግሩ ምን ይሠራለት ነበር? ጥልቀት በሌለውና ዕፅዋት በሞላበት ውሃ ውስጥ ግንዱንና ሥሩን እየገፋ ለመንቀሳቀስ፣ አድፍጦም ለማደን ሳይጠቅመው አልቀረም።

በ2016 የወጣ ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። ተመራማሪዎች የክንዱን አጥንት ሳይሰብሩ በኃይለኛ ኤክስሬይ ውስጡን ሲያዩ፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ያሉ የዕድገት መስመሮችን ቆጠሩ። እንስሳቱ ቢያንስ ስድስት ዓመት ኖረውም ገና ለጉልምስና አልደረሱም ነበር። ይህም የልጅነት ዘመናቸው ረጅም እንደነበር፣ እሱንም በውሃ ውስጥ እንዳሳለፉት አመለከተ።

የአካንቶስቴጋ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ እግር የመጣው ከመራመድ በፊት ነው። በውሃ ውስጥ ለሌላ ሥራ የተዘጋጀው አካል ኋላ ላይ የየብስን ዓለም ከፈተ። አምስት ጣትም ከመጀመሪያው የተቆረጠ ልክ አልነበረም፤ ስምንት፣ ሰባትና ስድስት ጣት ያላቸው ቀደምት እንስሳት ካለፉ በኋላ የጸና ቁጥር ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ገጽ የያዘው እጅህ ታሪኩ የሚጀምረው ከውሃ ውስጥ ነው።