ሐኪሙ ቢርቅ መድኃኒቱ ይቅረብ

ወባ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ወደ እርሻው ይመለሳል። አጥንቱ የተሰበረም ይጠገንና ይረሳዋል። የስኳር፣ የግፊትና የልብ ድካም ቀጠሮ ግን አያልቅም። ከተማ ለሚኖር ሰው ቀጠሮ ማለት የግማሽ ቀን ሰልፍ ነው። ከጎንደር ከተማ ርቆ ቆላ ለሚኖር ገበሬ ደግሞ የእግር መንገድ፣ የመኪና ሒሳብ፣ የአዳር ወጪ፣ ሳይታረስ የዋለ መሬት ነው። አንዴ ይመጣል፣ ሁለተኛም ይመጣል፤ በሦስተኛው የዘር ወቅት ይደርስና ይቀራል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌው ከተቋረጠበት በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ግፊት ያለበት ምንም ሳይሰማው ይከርምና አንድ ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ስኳር ያለባቸው ጎልማሶች ከ800 ሚሊዮን ማለፋቸውን፣ ዕድሜያቸው 30 ከሞላቸውና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ደግሞ 445 ሚሊዮኑ ሕክምና እንደማያገኙ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የልብና የደም ሥር ሕመሞች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 17.9 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል፤ ከሟቾቹ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት የድሃና የመካከለኛ ገቢ አገሮች ሰዎች ናቸው። በአገራችን በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ጎልማሶች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። ልዩ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትልልቅ ከተሞች ተሰብስበዋል። ስለዚህ ሕክምናን በስልክና በስክሪን ወደ ገጠር ማድረስ ይቻላል የሚለው ተስፋ ብዙዎችን ቢማርክ አያስደንቅም። እኔም ተስፋውን እጋራለሁ። ነገር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተሞከረውን በጥሞና ያየ ሰው፣ ስልኩ የሚጠቅመው ጫፉ ላይ የሠለጠነ ነርስና ያልተቋረጠ መድኃኒት ሲኖር መሆኑን ያስተውላል።

በትልቅ ስክሪን የተጀመረውን እናስታውስ። የሕንዱ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም እ.ኤ.አ. በ2004 በፓን አፍሪካ ፓርላማ ፊት ቆመው የአፍሪካን ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ከሕንድ ጋር በሳተላይትና በኬብል የሚያገናኝ መረብ እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረቡ። ሙከራው የተካሄደው በኢትዮጵያ ነበር፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኘ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ሐኪም ከሐኪም ተመካክሯል፣ ትምህርትም ተላልፏል። የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። ነገር ግን ያ መረብ ያገናኘው ሆስፒታልን ከሆስፒታል ነው። ጥቁር አንበሳ የደረሰ ሕመምተኛ አስቸጋሪውን መንገድ ቀድሞ ጨርሶታል፤ ጭንቁ መንገዱ ላይ ላለው ነው።

ለእሱ የታሰበለት ከዚያ አስቀድሞ፣ ያለ ምንም ስክሪን፣ ጎንደርና ጅማ ውስጥ ነው። ጎንደር ለዚህ ሥራ የቆየ መሠረት ነበራት። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ያንኑ ልምድ ለስኳር ሕመምተኞች አዋሉት። ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1988 የመሠረቱት የብሪታንያ የጤና ትምህርት ድርጅትና የሳውዝሃምፕተን ሐኪሞች አገዟቸው፤ ጅማ ላይ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ ተመሳሳይ ሥራ መሩ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ወደ ሆስፒታል ይመጣና ስኳር፣ ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ አስምና የልብ ሕመም እንዴት እንደሚከታተል ይሠለጥናል። ሲመለስ መዝገብ ይከፍታል፤ ማን መቼ መምጣት እንዳለበትና ማን እንደቀረ ያውቃል። የሆስፒታሉ ሐኪም በየጊዜው ጤና ጣቢያው ድረስ ወርዶ የከበዱትን ያያል፣ ነርሱን ያርማል፣ ያበረታታል። መድኃኒቱ እዚያው ጤና ጣቢያ ይቀመጣል። ገበሬው በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ሲመለስ ኢንሱሊኑን ይዞ ይገባል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር መዝገቡ ነው፤ የቀረውን ሰው ስም የሚያውቅ ባለሙያ ካለ ሰው ጠፍቶ አይቀርም።

ይህ ቅርበት ከሕክምናው በላይ ሌላ ነገርም አስገኘ። ትልልቅ ሆስፒታሎች የለመዱት ባለስኳር በአብዛኛው ጎልማሳና ወፈር ያለ ከተሜ ነው። በጎንደር ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የተመዘገቡት ግን ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሃና ወጣት ገበሬዎች ነበሩ፤ ከሴቶቹ ወንዶቹ ይበዛሉ፣ ያለ ኢንሱሊንም አይሆንላቸውም። የጎንደር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንን አሳትመው፣ በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዝ የስኳር ዓይነት አለ የሚለው ክርክር እንደገና ይከፈት ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 በስኳር ዓይነቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ በ1999 አውጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» በሚል ስም ዕውቅና ሰጠው። ሕመምተኞቹ ከተማ እስኪመጡ ቢጠበቅ ኖሮ ብዙዎቹ መንገድ ላይ በቀሩ፣ በሽታቸውም ሳይታወቅ በኖረ ነበር።

ኢንሱሊኑ ጤና ጣቢያ ደረሰ እንበል፤ ከዚያስ? ኢንሱሊን ፍሪጅ ይፈልጋል ይባላል፤ ገጠሩ ቤት ፍሪጅ የለም፣ ብዙ ቦታ መብራትም የለም። ሰዉ ግን ብልሃት አላጣም፤ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ያኖረዋል። የሸክላ ዕቃ ሙቀትን በእርግጥ እንደሚቀንስ በጥናት ተለክቷል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሰሜን ኬንያ የዳዳብ መጠለያ ያለውን ሙቀት መነሻ አድርገው ኢንሱሊንን ፈተሹት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ፤ ሙቀቱ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሲወጣና ሲወርድም መድኃኒቱ ለአራት ሳምንት ኃይሉን አላጣም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍሪጅ ስለሌለው ብቻ መርፌውን ለመወጋት በየቀኑ ወደ ጤና ተቋም ይመላለስ የነበረ ሰው ብልቃጡን ቤቱ ይዞ መግባት ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን 1,372 የግፊት ሕመምተኞችን ያካተተና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነበር። ቀጠሮና ኪኒን የሚያስታውስ አጭር መልእክት ለአንድ ዓመት የተላከላቸው ሰዎች፣ ካልተላከላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የላይኛው ግፊታቸው የቀነሰው በ2 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። ሕመምተኛው መልስ እንዲልክ የሚፈቅደው ዓይነትም ከተራው ማስታወሻ አልበለጠም። በባንግላዴሽ፣ በፓኪስታንና በስሪላንካ ገጠሮች፣ የመንግሥት ጤና ሠራተኞች መለኪያ ይዘው ቤት ለቤት እንዲሄዱና ሐኪሞችም እንዲሠለጥኑ ሲደረግ፣ ልዩነቱ በሁለት ዓመት 5 ነጥብ ደረሰ። ወጪውም ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት ከ11 ዶላር ያነሰ ነበር። በኮሎምቢያና በማሌዢያ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ ጤና ሠራተኞች መመሪያ የሚሰጥ ታብሌት ያዙ፤ መድኃኒቱ በነጻ ታደለ፤ ሕመምተኛውም ከዘመዱ ወይም ከጓደኛው አንድ ሰው አጋዥ ተደረገለት። በአንድ ዓመት የግፊቱ ልዩነት ከ11 ነጥብ በላይ ሆነ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የተለያዩ አገሮችና የተለያዩ ጥናቶች ውጤት ስለሆኑ በቀጥታ አይወዳደሩም፤ አቅጣጫቸው ግን አንድ ነው። መሣሪያው ሰውና መድኃኒት በተጨመሩበት ቁጥር ጉልበት ያገኛል።

ስለ ልብ ካነሳን የዩጋንዳውን ሥራ ማለፍ አይገባም። ሕክምና ያላገኘ የጉሮሮ ሕመም በልጆች ላይ የልብ ክዳኖችን የሚያበላሽበት በሽታ የኛም ቤት መከራ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ በጥቁር አንበሳ ግቢ ማዕከል ከፍቶ ሲሠራ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። ቀዶ ሕክምና ለሁሉም አይደርስም። በዩጋንዳ፣ በጉሉ አካባቢ፣ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች በተንቀሳቃሽ የልብ አልትራሳውንድ ተመረመሩ። በሽታው ገና ምልክት ሳያሳይ የተገኘባቸው 818 ልጆችና ወጣቶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። በሁለት ዓመት መርፌውን ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ያህሉ ሲባባስባቸው፣ ከወሰዱት የተባባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው። ሆኖም ብዙ የጤና ባለሙያ አለርጂውን ስለሚፈራ መርፌውን ለመውጋት ያመነታል። ስልክ በትክክል ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ያመነታው ነርስ ደውሎ የልብ ሐኪም ሲያማክር ልጁ ሳይወጋ አይመለስም።

እኛ ዘንድ ያለውን አቅም ማቃለል ኃጢአት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ያሰማራቸው ሴቶች የእናቶችና የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ ትልቅ ድርሻ አድርገዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ታብሌት ይዘው ይመዘግባሉ። የግፊት መለኪያ ተሰጥቷቸው፣ መዝገቡ ከጤና ጣቢያው ጋር ከተሳሰረ የጎንደሩ ሐሳብ ወደ ጤና ኬላ ይወርዳል። ግን ሥራው እነሱው ላይ ብቻ እየተከመረ መሆኑን ማየት አለብን፤ ክትባቱም፣ ሪፖርቱም፣ ስብሰባውም የእነሱ ነው። ሥራ ሲጨመር ሰውም ደመወዝም መጨመር አለበት።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር «ከውጭ ግዙ» የሚለው መልስ ነው። ገበሬው ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከፍሏል፣ ካርዱን አሳድሷል፣ ቀጠሮውን አክብሯል፤ መድኃኒት ክፍሉ ግን ባዶ ነው። የስኳር መለኪያውም ሌላ ችግር አለው፤ የአንዱ ፋብሪካ የደም መመርመሪያ ስትሪፕ ለሌላው መለኪያ አይሆንም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእናቱ መለኪያ በሻንጣ የሚልክ ልጅ ስትሪፑ ሲያልቅ እዚህ ይገኝ እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። እዚህ የሚሸጠውን መለኪያ እዚሁ መግዛት ይሻላል።

መረቡም ራሱ ሊጠፋ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገዱም ተዘጋ፤ በመቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ለዓለም አሰሙ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። የርቀት ሕክምና በተስፋፋ ቁጥር ኔትወርክ መዝጋት ማለት ሕክምና መዝጋት ይሆናል። ይህን በየትኛውም ወገን ያለ ባለሥልጣን ሊያውቀው ይገባል።

ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴርና ለለጋሾች የምለው ይህ ነው፦ አዲስ መተግበሪያ ከመመረቁ በፊት ጤና ጣቢያው ለስድስት ወር የሚበቃ ኢንሱሊን፣ የግፊት ኪኒን፣ ፔኒሲሊንና ስትሪፕ አለው ወይ ተብሎ ይጠየቅ። የሠለጠነው ነርስ ሲዛወር የሚተካው ሰው ይሠልጥን። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይምጣ፤ እጅግም እንፈልገዋለን። አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም፣ ዕድሜያችሁ ከ30 ካለፈ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ግፊታችሁን ተለኩ። ገጠር ያሉ ወላጆቻችሁንም ዛሬ ደውላችሁ መቼ እንደተለኩ፣ መድኃኒታቸውም ስንት ቀን እንደቀረው ጠይቋቸው።