ከበጎች ጋር ያደገው ውሻ

ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚኖር የጉለሌ ሰው ጅብን የሚያውቀው በተረት ብቻ አይደለም። ሲመሽ ከባሕር ዛፉ ጫካ ሲጮኽ ይሰማል፤ ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ በወንዙ ዳር እያሸተተ ወደ መንደር ይወርዳል። እኛ በግቢያችን አንዲት ላምና ሰባት በጎች አሉን። ከሁለት ዓመት በፊት በሁዳዴ፣ ለመውለድ የተቃረበችውን እናት በግ ጅብ ከጉሮኖው አውጥቶ ወሰዳት። ውሻችን በሩ ላይ በሰንሰለት እንደታሰረ ሲጮኽ አደረ። ሁልጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጮኽ፣ እኛ ጩኸቱን መስማት ከተውን ቆይተናል።

ሁዳዴን ያነሣሁት በአጋጣሚ አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በትግራይ የጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኘውን የእንስሳት ፀጉር ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ መርምረዋል። በ55ቱ ቀናት እርድ ቀንሶ የሚጣል ሥጋና አጥንት ሲጠፋ፣ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞረው ተገኝተዋል። ሰው ሲጾም ጅብ ይርበዋል ማለት ነው።

በጓ ከተወሰደች ከጥቂት ወራት በኋላ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ውሻው የጎረቤቴን ልጅ ባቱ ላይ ነከሰው። የልጁን እናት ዓይን ለማየት አልደፈርኩም። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ ልጁ ክትባት ተጀመረለት። ውሻው ደግሞ ለ10 ቀን ለብቻው ተዘግቶበት ተጠበቀ። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን የሚያስተላልፍ ከነበረ፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምልክት ያሳያል ወይም ይሞታል። የእኛው ደህና ሆነ። እኔ ግን 10ሩን ቀን በቅጡ አልተኛሁም። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ግን ያድናል። የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች በውሻ የተነከሰ ሁሉ ወደ ፓስተር እየተመላለሰ በየቀኑ በሆዱ መርፌ ይወጋ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ዛሬ መርፌው ጥቂት ነው፤ የሚሰጠውም በክንድ ነው።

ያንን ውሻ ለአንድ መጋዘን ጠባቂ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ክፉ ያደረግነው እኛው ነንና። ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀን አስረን ሌሊት እንፈታው ነበር፤ ከበጎቹም ሆነ ከልጆቹ ጋር ተለማምዶ አያውቅም። አንድ ጎረቤቴማ ይባስ ብሎ «ሚጥሚጣ በምግቡ ጨምርበት፣ ይከፋል» ብሎኝ ነበር።

ዳማን ያመጣነው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሁለት ወር ቡችላ ሳለ። አባቴ መንዝ በግ ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው። «ውሻ ካልታሰረ አይጠብቅም» አሉኝ።

«አባባ፣ የታሰረውንማ አየነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ።

በጎች ጠባቂ ውሻ ሌላ ዓለም ላይ እንዴት እንደሚያድግ የነገረኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። በቱርክ ያሉ እረኞች ካንጋል የሚሉትን ትልቅ ውሻ ከመንጋው ጋር ያሳድጉታል። በናሚቢያ ደግሞ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከዚያው አገር የዘር ሐረግ የሚመዘዙ ቡችላዎችን ለገበሬዎች ይሰጣል፤ ገበሬው ፍየሉ ስለሚጠበቅለት አቦ ሸማኔውን አይገድልም። የሁሉም ምስጢር አንድ ነው። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት አብሮት የኖረውን ሁሉ ወገኔ ይላል።

ስለዚህ ዳማን ወጥ ቤት ሳይሆን ጉሮኖው ጥግ፣ በእንጨት አጥር ከበጎቹ ተለይቶ፣ ገለባ ላይ አስተኛነው። የሚበላውም እዚያው ነው። ቀን ቀን ከአንዲት ቁጡ አሮጊት በግ ጋር እንዲውል ተደረገ፤ ሲዳፈራት በግንባሯ ገፍታ ታንከባልለዋለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ያሳደገችው ብል አልዋሸሁም።

አምስት ወር ሲሞላው ግን ፈተና መጣ። ግልገሎችን እያሯሯጠ ጆሯቸውን መጎተት ጀመረ። አንዷን አደማ። አባቴ ዱላ አነሡ፤ እኔም ልቤ ተከፍሎ ነበር። ሐኪሙ ግን ጨዋታ እንጂ ክፋት አይደለም፣ ከግልገሎቹ ለዩትና ከትልልቆቹ ጋር ይቆይ አለን። እንዲህ ያለ ውሻ አእምሮው የሚረጋው ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይህን ሥራ አልመክርም።

ልጆችን በተመለከተ ከአባቴ ጋር በብዙ ተከራክረናል። እሳቸው ውሻ በእጅ አይነካም ባይ ናቸው፤ የሰባት ዓመቷ ልጄ ደግሞ አልጋዋ ላይ ልታስተኛው ትፈልጋለች። መሐል ላይ ተስማማን። ትልቅ ሰው ባለበት ትዳስሰዋለች፤ ሲበላና ሲተኛ አትቀርበውም፤ ከዚያ እጇን ትታጠባለች። ነክሰው የነበረው ልጅም እናቱ ፈቅዳ፣ እጄን ይዞ፣ ቀስ በቀስ ተላመደው። ይህ ብዙ ሳምንት ወስዷል።

ለፋሲካ በግ ስናርድ ሌላ ክርክር ተነሣ። ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ነበረ፤ አባቴ እንደ ልማዳቸው ለውሻው ሊወረውሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። እብጠቱ የትል ቤት ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላው ትሉ በአንጀቱ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በልጅ እጅ ወደ አፍ ከገባ ያንኑ እብጠት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያበቅላል። በቀዶ ሕክምና የሚወጣም አለ። እኛ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ዳማም የትል መድኃኒቱን በየጊዜው ይወስዳል፤ የእብድ ውሻ ክትባቱን በሦስት ወሩ ወስዶ በየዓመቱ ይደገምለታል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር፤ አንድ ውሻ ጅብን አይችልም። ጅብ ውሻን ይበላል፤ የእኛ አካባቢ ሰው ይህን አይቷል። ስለዚህ ጉሮኖውን በቆርቆሮና በወፍራም እንጨት አጠርን፤ ዳማንም ሌሊት ከበጎቹ ጋር ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። የእሱ ሥራ መዋጋት ሳይሆን መቀስቀስ ነው። በከንቱ ስለማይጮኽ፣ ሲጮኽ እንነሣለን።

ዘንድሮ በሁዳዴ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኸ። እኔ ጫማዬን ስፈልግ አባቴ ባትሪና ዱላ ይዘው ቀድመውኝ ወጥተዋል። በባትሪው ብርሃን ከአጥሩ ውጭ ሁለት ዓይኖች በሩ፤ ወዲያው ወደ ወንዙ ወረዱ። ውስጥ ዳማ ፀጉሩ ቆሞ በሩን ተጋፍጦ ቆሟል፤ በጎቹ ሁሉ ከኋላው ተጠጋግተዋል፣ አሮጊቷ ጭምር።

ሲነጋ ልጄ እየሮጠች መጥታ ጠራችኝ። አባባ ጉሮኖው በር ላይ ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ በእጃቸው ያጎርሱታል። ሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«ክትባቱ መቼ ነው የሚደገመው?» አሉኝ።