ስለ አብሾ፤ በአራዳ የሚነገረውና በዕፁ ውስጥ ያለው

በአራዳና በፒያሳ ያደገ ሰው «አብሾ» የሚለውን ቃል አስቀድሞ የሚሰማው ከቤተ ክህነት ሳይሆን ከመጠጥ ቤት ነው። ሁለት ብርሌ ጠጅ ቀምሶ ዐይኑ የቀላ፣ ወንበሩን ገፍቶ ለጠብ የተነሣ ሰው ሲታይ፣ ከጐኑ ያለው ወዳጁ «ተዉት፤ አብሾ አለበት» ይላል፤ ሰውም ይተወዋል። በውቤ በረሃ የጠጅ ቤቶች ዘመን ይህ ቃል የታወቀ ማመካኛ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱን የመሰሉ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ሰዉ ወደየዳርቻው ተበተነ፤ ቃሉንም ይዞት ሄደ። ነገር ግን ከሚናገሩት ብዙዎቹ አብሾ ምን እንደ ሆነ፣ ማንስ ይጠጣው እንደ ነበር ሲጠየቁ መልስ የላቸውም።

አብሾ በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዘንድ ልቡናን ይከፍታል፣ የሰሙትንም ያጸናል ተብሎ የሚጠጣ የዕፅ መድኀኒት ነው። የሚገቡበት ዕፆች እንደ ቀማሚው ይለያያሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው ግን አስተናግር ነው። ይህም አቴፋሪስ፣ በሌላም አጠራር ዕፀ ፋርስ የሚባለው፣ ሊቃውንተ ዕፀዋት ዳቱራ ስትራሞኒየም ብለው የሰየሙት ነው። አበባው ጡሩምባ ይመስላል፤ ፍሬው በእሾህ የተከበበ ሲሆን ሲደርቅ ተሰንጥቆ በመቶ የሚቈጠሩ ጥቋቁር ዘሮች ያፈሳል። ቆሻሻ መጣያን፣ የቦይ ዳርንና የፈረሰ ቤት ግቢን ስለሚወድ በከተማችን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ተማሪው ይህን ለመጠጣት ለምን ይደፍር እንደ ነበር ለማስተዋል የትምህርቱን ሸክም ማሰብ ይገባል። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ተጣልቶ የሚማር ልጅ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ያጠናል፤ ከዚያም ዜማው፣ ቅኔው፣ የመጻሕፍቱ አንድምታ ይከተላል። ብራና ውድ ስለ ነበረ ብዙው ትምህርት የሚቀመጠው በተማሪው ራስ ውስጥ ነበር። የረሳ ተማሪ ዓመታቱን ከሰረ ማለት ነው። ከጎጃምና ከጎንደር ጉባኤ ቤቶች ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ሊቃውንት ብዙዎቹ በአራዳ ጊዮርጊስና በሌሎቹ አድባራት አገልግለዋል፤ ከማኅሌቱ ወጥቶ እስከ ጠጅ ቤቱ ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነበር። ቃሉ ከተማሪው ጎጆ ወደ ብርሌው የተሻገረው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ስለ አሠራሩ አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ ሲነግሩኝ፣ ስለ ዕፁ የተናገሩት ጥቂት፣ ስለ ጥበቃው ግን ብዙ ነበር። ዘሩ ተወቅጦ ከሚጠጣ ነገር ጋር ይዋሐዳል፤ ይህን ያህል ብቻ ነው። የሚጠጣው ልጅ ግን ሰው ከማይደርስበት ጨለማ ጎጆ ይገባል፤ ቢላዋና እሳት ይወሰዳሉ፤ ከገደልና ከወንዝ እንዲርቅ ይደረጋል፤ አንድ ጓደኛው ሌት ተቀን ይጠብቀዋል። ኋላም ብርቱ መጠጥ እንዳይቀምስ ይመከራል። በእኔ አስተያየት የአብሾን ጠጪዎች ከሞት ያተረፈው ይህ ጥበቃ እንጂ የቀማሚው ጥበብ አይደለም።

አንባቢ መጠኑን ከዚህ ጽሑፍ አያገኝም። ይህም ምሥጢር ለመሰወር ሳይሆን የሚታመን መጠን የሚባል ነገር ስለሌለ ነው። በዕፁ ውስጥ ያሉት አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች ብዛታቸው ከተክል ወደ ተክል፣ ከአፈር ወደ አፈር፣ ከወቅት ወደ ወቅት ይለዋወጣል። ትናንት አንዱን ያስለፈለፈ እፍኝ፣ ዛሬ ሌላውን ይገድላል።

እነዚህ መርዞች በሰውነት ውስጥ አሴታይልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ያግዱታል። ስለዚህ አፍ ይደርቃል፤ የዐይን ብሌን ይሰፋል፤ ላብ ይቆምና ገላ ይግላል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ሽንት አልወጣ ይላል። ከዚያም ቅዠቱ ይመጣል። በውጭ አገር መጻሕፍት አስተናግርን የአማዞን ሕዝቦች ከሚጠጡት ከአያዋስካ ጋር በአንድ ረድፍ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ነገር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። አያዋስካ የጠጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ራእይ እያየ መሆኑን ያውቃል፤ አስተናግር የጠጣው ግን አያውቅም። ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ በሌለ በር ይወጣል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የትውስታው ነገር ነው። በውጭ አገር ስማር ስኮፖላሚን የተወጉ አይጦች ደኅና አድርገው የተማሩት መንገድ ጠፍቷቸው ሲዞሩ አይቻለሁ። የላቦራቶሪ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የመርሳትን ሕመም ለማጥናት ሲፈልጉ፣ በሰውም በእንስሳም ላይ መርሳትን የሚያመጡት በዚሁ መድኀኒት ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም በጀርመን አገር ለወላዶች ከሞርፊን ጋር ይሰጥ ነበር፤ ምጡን እንዲረሱት። በ1676 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጄምስታውን የሠፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ቅጠሉን ቀቅለው በልተው 11 ቀን ሲቃዡ ሰንብተው፣ ሲነቁ ያደረጉትን አንዱንም አላስታወሱም ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ የእኛ ተማሪ እንዳይረሳ ብሎ የጠጣው፣ ሌላው ዓለም ለማስረሳት የሚሰጠውን ነው።

«ታዲያ አብሾ ጠጥተው ሊቅ የሆኑ ብዙ አይደሉምን?» የሚል አይጠፋም። ሊቅ የሆኑት ሌሊትና ቀን ስለ ቀጸሉ ነው፤ አብሾ ሳይቀምሱ እንደ እነርሱ የሆኑም ሞልተዋል። የተረፉት ለአብሾ ምስክር ሆነው ቆሙ፤ አእምሯቸው ታውኮ ከጉባኤው የወጡትን ግን ማን ቈጠራቸው? ልማዱን እስከ ቅዱስ ያሬድ ዘመን የሚያደርሱትም አስተናግርን ማለታቸው ከሆነ ነገሩ አያስኬድም፤ ዛሬ ሊቃውንተ ዕፀዋት የዚህን ተክል የትውልድ አገር ፋርስን ሳይሆን አሜሪካን፣ ይልቁንም ሜክሲኮን ያደርጉታልና።

ወደ ጠጅ ቤቱ ልመለስ። መርዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ስለዚህ ከ20 ዓመት በፊት የተጠጣ አብሾ በአንድ ብርሌ ጠጅ ሊነሣ አይችልም፤ የተነሣው ጠጁ ነው። ይህ ማመካኛ ለጠበኛው የሚመች ቢሆንም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ያመጣል። ለፈተና አእምሮ ይከፍታል ተብሎ በዚያው ቀን የጠጣ ወጣት ሲለፈልፍ የሚያዩት ሰዎች «አብሾው ነው፤ ይለቀዋል» ብለው አስረው ወይም ቈልፈው ይተውታል። ጎጆው ቢኖርም የሚጠብቀው ጓደኛ የለም፤ ትኩሳቱና የልቡ ፍጥነት ግን አይጠብቁም።

እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥም፣ ገላው ደረቅና ትኩስ፣ ብሌኑ የሰፋ፣ ዘመድ የማያውቅ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። አረቄም ሆነ ሌላ ማርከሻ አይሰጠው። ከጠጣው የተረፈ ዘር ወይም ዝቃጭ ካለ አብሮ ይወሰድ። ፊዞስቲግሚን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ይህን ግን የሚሰጠው ሐኪም ብቻ ነው፤ ባይገኝም ትኩሳቱን ማብረድና ቅዠቱን ማስታገስ ይቻላል። ጓደኞቹ በፍርሃት ወይም በእፍረት የጠጣውን እንዳይደብቁ። ሐኪሙ አብሾ የሚለውን ስም ባያውቀው እንኳ አስተናግር ወይም ዳቱራ ብሎ መንገር ይበቃዋል።