ቦርሳውን ይዤ እሱን ጣልኩት

ዘንድሮ ወጣቱ በየሰፈሩ እየተጠራራ «ሃይኪንግ» ሲወጣ አያለሁ። ደስ ይላል። መቼም ቀኑን ሙሉ ጫት ቤት ተጎልቶ ከመዋል የተሻለ ነውና ማንም ክፉ አይናገርበትም። እኔም አልናገርም። ግን ለዓመታት ሆዴ ውስጥ ይዤው የኖርኩት አንድ ጉድ አለ። ዛሬ ላውራችሁና ይውጣልኝ።

ነገሩ የጀመረው በካላንደር ነው። 2011 ዓ.ም. እንደገባ፣ መርካቶ ሸራ ተራ እሠራበት በነበረው ሱቅ ግድግዳ ላይ አንድ የውጭ አገር ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። ፎቶው ላይ ወጣቶች ተሰልፈው በባሕር ዳርቻ ያለ ተራራ ጫፍ ጫፉን ይሄዳሉ። በአንድ በኩል ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሰማያዊ ባሕር። ምሳ ስንበላ ሁላችንም እሱ ላይ ነው የምናፈጠው። አንድ ቀን የብረት ተራው ጓደኛችን ጉርሻውን እንኳ ሳይውጥ፣

«ባሕሩ ይቅርብን! ተራራው እኮ አለን፤ እንጦጦ ያውና!» አለ።

በቃ፣ እዚያው ተወሰነ። መንገዱም ወዲያው ተገኘለት። መርካቶ ራጉኤል አለ፣ እንጦጦ ላይም ራጉኤል አለ። ከታችኛው ራጉኤል ተነስቶ በእግር እስከ ላይኛው ራጉኤል! ከዚያ የተራራውን ጀርባ ይዞ ወደ ምዕራብ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል መውረድ። እሁድ ስለሆነ ሱቁም ዝግ ነው፤ አሠሪም አይቆጣም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ራጉኤል በር ላይ ተገናኘን። ክርስቲያኖቹ ተሳልመን ስንወጣ የቦምብ ተራው ልጅ አንዋር መስጊድ ሱብሒ ሰግዶ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይጠብቀናል። ዘጠኝ ነበርን፤ ስድስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ከሴቶቹ አንዷ የሸማ ተራዋ ልጅ ናት። ስለ እሷ ብዙ አልልም፤ ብቻ ያን ቀን አዲስ ጫማ የገዛሁት ለእንጦጦ ብዬ እንዳልነበረ እናንተው ትገምታላችሁ።

በርበሬ ተራ የሚሠራ የልብ ጓደኛዬም አብሮን ነበር። ይሄ ልጅ ሁልጊዜ ያስለዋል። በርበሬ ተራ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ምን እንደምል ይገባችኋል፤ እዚያ የማያስለው ሰው ነው የሚያስገርመው። ስለዚህ ሳሉን ሳል ብሎ የቆጠረው አንድም ሰው አልነበረም።

በጊዮርጊስ አድርገን፣ ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ሳቅና ጨዋታ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን ቀልድ የለም፤ መንገዱ ቀጥ ይላል። መርካቶ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እንጦጦ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ካላንደሩ ላይ ያሉት ልጆች ከባሕሩ ዳር ከሚተነፍሱት ጋር ሲነጻጸር፣ 3 ሺህ ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ለምዶ ስላደገ ይሄ አይሰማኝም ይላል። ይሰማል! በተለይ በሚቆረጥም የኅዳር ብርድ፣ በፍጥነት ሽቅብ ሲወጡ።

የበርበሬ ተራው ጓደኛዬ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ መቅረት ጀመረ። ቆሜ ጠበቅኩት።

«ምነው? ደከመህ እንዴ?»

«አይ... ጫማዬ ነው» አለኝ።

ውሸቱን እንደሆነ ታውቆኛል። ግን ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ቦርሳውን ከትከሻው ላይ ተቀበልኩት። ይዞ እንደመቅረት ብሎ ነበር፤ ቀማሁት ብል ይሻላል። ከዚያ ሁለት ቦርሳ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ አንግቼ፣ እንደ ጀግና ሽቅብ ተፈተለክሁ። ማን እንድታየኝ እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። «ጎበዝ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ዞሮ ያያል!

በአስፋልቱ ፈንታ በባሕር ዛፉ መሀል አቋራጩን ይዘን ማርያም ደረስን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት እዚህ ደብር ነው። ተሳልመን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ሳንቀመጥ ወደ ራጉኤል ቀጠልን። የመርካቶ ልጅ አንድ ጣቃ ጨርቅ እንኳ ሳይቆጥር አይረከብም፤ ደርዘኑ አንድ ቢጎድል ሰማይ ይደፋል። ያን ቀን ግን ሰው የቆጠረ አልነበረም። የፊተኞቹ «ከኋላ ካሉት ጋር ነው» ብለናል፤ የኋለኞቹ «ቦርሳው ከፊት ስለሄደ እሱም ቀድሟል» ብለዋል። አያችሁ፣ ቦርሳውን መያዜ እንዴት አድርጎ እንዳጠፋው!

ራጉኤል ጋ ተቀምጠን ቆሎ እየበላን እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ጉዳዩ ደስ ስለሚል ለእናንተም ልንገራችሁ፤ እንጦጦ የውሃ ክፍያ ነው። ከጀርባው በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ ከተማዋን አቋርጦ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ያን ሁሉ አገር ተጉዞ ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ከዚያው ጀርባ በሰሜን በኩል የወረደው ጠብታ ግን በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ሙገር፣ ከሙገር አባይ፤ ከዚያ ሱዳንንና ግብፅን ቆርጦ ሜዲትራንያን ባሕር። «አየሽ፣ ይሄ ድንጋይ ላይ ውሃ ብታፈሺ ወዲህ ካዘነበለ በረሃ፣ ወዲያ ካዘነበለ ባሕር ነው» እያልኩ በእጄ ሳሳያት፣ አህዮቹን ከከተማ ባዶአቸውን ወደ ሱሉልታ የሚመልስ አንድ ልጅ አጠገባችን ቆመ።

«እናንተ... ከኋላ የቀረ ልጅ አላችሁ ወይ? አንዲት እናት ንገራቸው ብለውኛል። መተንፈስ አቅቶታል።»

ያኔ ተቆጠርን። ስምንት።

ስልክ ልደውል ኪሴ ገባሁ። ደወልኩ። ስልኩ ጀርባዬ ላይ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ጮኸ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ማርያምን አልፌ አቋራጩን ቁልቁል ስወርድ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ወደፊት ዘንበል ብሏል፤ ደረቱ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ከንፈሩ ጥላሸት መስሏል። አጠገቡ አንዲት እንጨት ለቃሚ እናት ነጠላቸውን አልብሰውት ጀርባውን ይዘውታል። የእንጨት ሸክማቸው መሬት ላይ ወርዷል። የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ እናቶች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያ ሸክም አንዴ ከወረደ ያለ ሰው እርዳታ ተመልሶ ጀርባ ላይ አይወጣም። እሳቸው ይሄን እያወቁ ነው ያወረዱት።

ሲያየኝ አልተናገረም። አንድ ቃል ማውጣት አይችልም። እጁን ወደ ቦርሳው ብቻ ዘረጋ። ከፈትኩት። ከሹራቡ ሥር ሰማያዊ የአስም መድኃኒት፣ ያቺ በአፍ የምትሳበው፣ ብዙዎች ፓፍ የሚሏት አለች። አስም እንዳለበት ያን ጊዜ አወቅኩ! ስንት ዓመት አብረን ምሳ የበላን ልጆች።

ሌሎቹ ደርሰው ሲከቡት፣ «አስተኙት! ውሃ አጠጡት!» የሚል ጩኸት ተነሳ። እናትየዋ ተቆጡ።

«ዞር በሉለት! ምን ያስተኛዋል? የኔም ልጅ ይኸው ነበረበት። ቁጭ እንዳለ ይተንፍስ።»

ልክ ነበሩ። መድኃኒቱን ደጋግሞ ከሳበ በኋላ ፉጨቱ እየቀነሰ መጣ። እጄ ላይ የነበረውን ሰዓት ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ድምፁ ወጣና፣ «ብርዱ ነው» አለ። እስከ መጨረሻው!

ልንሄድ ስንል ሸክሙን ለእሳቸው እናንሳ ብለን ከብረት ተራው ልጅ ጋር ያዝነው። ብረት ሲያወርድ የሚውል ጎረምሳ ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄን ነው እሳቸው ተሸክመው የሚወርዱት?» አለኝ በሹክሹክታ። ጀርባቸው ላይ አደላደልንላቸው። ገንዘብ ልንሰጣቸው ስንሞክር አልተቀበሉም፤ ሁለተኛ ስንለምናቸው የያዝነውን ዳቦና ብርቱካን ተቀበሉና መርቀውን ወረዱ።

እኛም የራጉኤሉን ጉዞ እዚያው ጥለን ከማርያም ሚኒባስ ይዘን ወደ ሐኪም ቤት ወረድን። ሐኪሙ ያሉትን ለእናንተ ላካፍላችሁ፤ ከመሀላችሁ ደብቆ የሚኖር አይጠፋምና። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር፣ ላዩ ላይ ፈጣን ዳገት፣ የአስም ቀስቃሽ ነው። ይሄ ማለት ግን አስም ያለበት ተራራ አይወጣም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ራሱ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ይሁን። አፍና አፍንጫን በሻርፕ መሸፈን፣ ቀስ ብሎ መጀመር። ከጉዞ በፊት መውሰድ ይኖርበት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መድኃኒቱ ካላሻለው ደግሞ «ትንሽ እንየው» የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

ለምን ደበቅከን ስንለው የመለሰልን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «በርበሬ ተራ አስም አለብኝ ብዬ ማን ይቀጥረኛል? ለአንዳችሁ ከነገርኩ ማታውን አሠሪዬ ይሰማል።» እውነቱን ነው፤ መርካቶ ወሬ እግር አያሻውም።

የሸማ ተራዋ ልጅስ? እንዲህ አለችኝ፤ «ውሃው የት እንደሚገባ ታውቃለህ፤ ጓደኛህ የት እንደቀረ ግን አታውቅም።» የአዲሱ ጫማ ነገር እዚያው ላይ አበቃ።

ዛሬ እንጦጦ ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱም መቀመጫውም ተሠርቷል፣ ሰዉም በዝቷል። በክፍያ የሚያስጉዙ ቡድኖችም እንደ አሸን ፈልተዋል። እኔ ስጠየቅ ስለ ምሳውና ስለ ፎቶ አንሺው ሳይሆን አንድ ነገር ነው የምጠይቃቸው፤ «መጨረሻ ላይ የሚሄደው ማነው?» የሚለውን። «እንትና ነው» ብለው በስሙ ከነገሩኝ እከፍላለሁ። «ሁላችንም እንጠባበቃለን» ካሉኝ ግን አልወጣም። ሁላችንም ስንጠባበቅ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ጓደኛዬ ከበርበሬ ተራ ወጥቶ አሁን ሳሙና የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። አሁንም ተራራ እንወጣለን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባለፈው እሁድ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው አየሁና አፌ አምልጦኝ፣ «ቦርሳህን ልያዝልህ?» አልኩት። ዞሮ አየኝ፣ የሱሪ ኪሱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ቦርሳውን ሰጥቶኝ መንገዱን ቀጠለ።