አውትላይኑ ላይ ያለው ሕግ ማንን ይጠብቃል?

ሴሚስተር ሲጀመር ኮርስ አውትላይን ሲታደል አብዛኛው ተማሪ ቶሎ የሚያየው ሚድ ከስንት እንደሚያዝና ፋይናል ከስንት እንደሆነ ነው። ከታች ስለ አቴንዳንስና ስለ አሳይመንት ማስረከቢያ ቀን የተጻፈችውን አንቀጽ ግን ችግር እስኪመጣ የሚያነባት ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚያች አንቀጽ ነው የምጽፍላችሁ፤ በተለይ ዘንድሮ ግቢ ለገባችሁ።

ከአቴንዳንስ እንጀምር። በብዙ አውትላይኖች ላይ ቢያንስ 80 ወይም 85 ከመቶ ክፍል መገኘት ግዴታ ነው። ላብና የተግባር ልምምድ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መቅረት ጨርሶ አይፈቀድም። የእናንተ ግቢ የትኛውን እንደሚከተል ሴኔት ሌጅስሌሽኑ (የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) ላይ ስላለ አንብቡት። በመቶኛ ሲነገር ነገሩ ሩቅ ስለሚመስል ወደ ክፍለ ጊዜ እንመንዝረው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት፣ ትምህርቱ በሳምንት 2 ጊዜ ከሆነ በጠቅላላው 32 ክፍለ ጊዜ አለ። ደንቡ 80 ከመቶ ከሆነ መቅረት የምትችሉት 6 ጊዜ ነው፤ 85 ከሆነ 4 ጊዜ ብቻ። ለበዓል ቤተሰብ ጋ ሄዶ አንድ ሳምንት ዘግይቶ የተመለሰ ተማሪ 2ቱን ጨርሷል። እነዚህ ጥቂት ቀኖች የተተዉት ለወባ፣ ለታይፎይድ፣ ከቤት ለሚመጣ ድንገተኛ ስልክ ነው። በመጀመሪያው ወር ለእንቅልፍ ያዋላቸው ሰው ሲታመም የሚተርፈው የለም።

‹‹ፈርምልኝ›› የሚባለውንም ሳልነካ አላልፍም። ጓደኛህ ስለፈረመልህ ወረቀቱ ላይ ተገኝተሃል፤ ትምህርቱ ግን አምልጦሃል። ስትያዙ ደግሞ የሚጠየቀው የቀረው ብቻ ሳይሆን የፈረመውም ነው። ጓደኛችሁን እዚያ ውስጥ አታስገቡት።

ወደ ዴድላይን ልለፍ። ብዙ ተማሪ ቀን የሚቆረጠው ለማስጨነቅ ይመስለዋል። እኔ በማስተምረው ኮርስ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አሳይመንቱን አርሜ በሳምንቱ እመልሳለሁ፤ ክፍል ውስጥም ጥያቄ በጥያቄ እንነጋገርበታለን። የታረመው ወረቀት በወጣ በሰዓቱ ፎቶ ተነሥቶ የሴክሽኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ የተማሪው ይሁን የግሩፑ ማወቅ አልችልም። በሰዓቱ ለፍቶ 6 ከ10 ያገኘውን ልጅ ዘግይቶ መጥቶ 10 ከ10 ከሚያገኘው ጋር ማወዳደርም ፍትሕ አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ ያዙልኝ። የኢንተርኔት መድረኮች ላይ የማስረከቢያው ሰዓት ብዙ ጊዜ 11:59 ፒኤም ተብሎ ይጻፋል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:59 ነው። አስተማሪ በቃሉ ‹‹እስከ 12 ሰዓት›› ሲል ግን ማታ 12 ይሁን እኩለ ሌሊት፣ ‹‹በ5›› ሲል በኢትዮጵያ ወር ይሁን በፈረንጅ፣ እዚያው ጠይቁ። ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ከጠየቀ ለሁሉም ይጠራል። መብራትና ኔትወርክም የሚሄደው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው ብላችሁ አስቡና በዋዜማው ላኩ።

ዋናው ነገሬ ግን ይሄ ነው። ሕጉ ካልተጻፈ፣ ወይም ተጽፎ ለለመነ ሁሉ የሚላላ ከሆነ፣ የሚጠቀመው ማን ነው? ቢሮ ድረስ መጥቶ ‹‹ቲቸር፣ እባክህ እርዳኝ›› ማለት የሚችለው ነው። ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ ዩኒቨርሲቲ ተምረው መንገዱን ያሳዩት ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ! ከገጠር መጥቶ አስተማሪ ፊት ቆሞ መናገር የሚከብደው፣ ይሉኝታ የሚይዘው ልጅ ግን ታሞም ዝም ይላል። ሁለቱም ያመለጣቸው አንድ ቀን ነው፤ ለአንዱ ይራዘምለታል፣ ለሌላው ዜሮ ይሞላለታል። ይህ ደግነት ተብሎ ሲወራ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ እኔ አውትላይን ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ እያንዳንዱ ተማሪ በሴሚስተሩ አንድ ጊዜ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ የ48 ሰዓት ማራዘሚያ አለው። ከማስረከቢያው በፊት በጽሑፍ ‹‹ማራዘሚያዬን እጠቀማለሁ›› ማለት ይበቃል። የታረመው ወረቀት ገና ስላልተመለሰ ማንም አይጎዳም፤ ዝምተኛውም እንደ ደፋሩ እኩል ያገኛል። ከዚያ ያለፈው በየቀኑ ነጥብ ይቀነስበታል፤ መልሱ ክፍል ውስጥ ከተሠራ በኋላ የመጣ ግን አይታረምም።

ከዚህ በላይ የሆነ ችግርም አለ። ከታመማችሁ ግቢ ክሊኒክ የታያችሁበትን ወረቀት በዚያው ቀን ተቀበሉ፤ ከዳናችሁ በኋላ ያለፈውን ቀን ጻፉልኝ ማለት አያስኬድም። ለቅሶ ከደረሰባችሁ ደግሞ ወረቀት ፍለጋ አትዘግዩ። ለአስተማሪያችሁ ወይም ለዲፓርትመንት ኃላፊው አንድ መስመር ጽፋችሁ ሂዱ፣ ቅበሩ፤ የቀበሌው ደብዳቤ በኋላ ይደርሳል። ፋይናል ካመለጣችሁ ግን አንድም ቀን ዝም አትበሉ። ውጤታችሁ ኢንኮምፕሊት ወይም ኤንጂ (ኖ ግሬድ) ሆኖ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በጊዜው ካልተስተካከለ ኤፍ ይሆናል። በቂ ምክንያት እያላቸው፣ ማመልከቻ ባለማስገባታቸው ብቻ ኮርሱን የደገሙ ልጆች አውቃለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ልባችን የራራለትን ብቻ የምንረዳ ከሆነ፣ ቢሯችን ያልመጣውን እየቀጣን ነው። ልናደርግ የምንችለውን ምሕረት አስቀድመን እንጻፈው፣ በመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለን እናንብበው፣ ከዚያ ለሁሉም እኩል እንጠብቀው።

እናንተም አውትላይናችሁን ዛሬ አውጡ። የሚፈቀደውን ቀሪ በክፍለ ጊዜ ቆጥሩ፣ የማስረከቢያ ቀኖቹን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስለ ማራዘሚያ ምንም ካልተጻፈ ደግሞ በክላስ ሬፓችሁ በኩል በመጀመሪያው ሳምንት አስጠይቁ። ያኔ የሚሰጠው መልስ ለመላው ሴክሽን ይሆናል፤ መናገር ለሚከብደው ጓደኛችሁም ጭምር።