ከ2 ሚሊዮን የዲኤንኤ ነጥቦች የሚወጣ 13 ኪሎ

ካናዳ ውስጥ ኩቤክ በሚገኘው ላቫል ዩኒቨርሲቲ ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቹ 24 ወጣት ወንዶችን ለወራት በአንድ ቦታ አኑረው ከሚበቃቸው በላይ አበሏቸው። ወጣቶቹ 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ነበሩ። ትርፉ በቀን 1,000 ካሎሪ፣ በሳምንት 6 ቀን ነው፤ በ84 ቀን ድምሩ 84,000 ካሎሪ ደረሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲታተም ትንሹ ጭማሪ 4.3 ኪሎ፣ ትልቁ 13.3 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። የተሰጣቸው ትርፍ ምግብ እኩል ነው፤ አንዱ ላይ ያረፈው ክብደት ግን ከሌላው ከ3 እጥፍ በላይ ሆነ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ማን ማንን እንደመሰለ ነው። ብዙ የጨመረው ልጅ ወንድሙም ብዙ ጨመረ፤ ጥቂት የጨመረውም እንዲሁ። በጥንድና በጥንድ መካከል የታየው መለያየት በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ከታየው ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ሆድ ውስጥ በሚከማቸው ስብ ደግሞ መመሳሰሉ ከዚህም የጠነከረ ነበር።

በየቤታችን ትርፉን ለክቶ የሚያቀርብልን ተመራማሪ የለም። ያንን የሚያዝዘው አምሮት ነው፤ አምሮትን ደግሞ በአብዛኛው የሚያዘው አንጎል። ኤምሲ4አር የሚባለው ጂን ለምሳሌ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የጥጋብን መልእክት ይቀበላል፤ ሲበላሽ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በረሃብ ስሜት ይኖራል። እንዲህ ያለው ብልሽት ብርቅ ነው። ብርቅ ያልሆነው ኤፍቲኦ ነው። በ2007 ከ38 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ ጂን ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠችበትን ቅጂ ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሰዎች ምንም ካልወረሱት በአማካይ ወደ 3 ኪሎ ይከብዳሉ። ከአውሮፓውያን ከስድስቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። በዓመቱ ስኮትላንድ ውስጥ የተመረመሩት ሕፃናት ደግሞ መንገዱን ጠቆሙ፦ ፊደሏን የወረሱት ካሎሪ የታመቀበትን ምግብ ይመርጡ ነበር። ከ3 ቢሊዮን ፊደላት አንዷ ናት እንግዲህ ይህን ያህል የሠራችው።

በ2019 ተመራማሪው አሚት ኬራና ባልደረቦቹ አንዷን ፊደል ትተው 2.1 ሚሊዮን የዲኤንኤ ነጥቦችን በአንድ ላይ ደመሩ፤ ድምሩንም ከልደት እስከ ጉልምስና ባሉ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ፈተሹት። ከፍተኛ ውርስ ያላቸው አንድ አሥረኛና ዝቅተኛ ውርስ ያላቸው አንድ አሥረኛ ሲወለዱ በክብደት እምብዛም አይለያዩም፤ የጥቂት አሥር ግራም ጉዳይ ነው። ጎልማሶች ሲሆኑ ግን ልዩነታቸው 13 ኪሎ ነው።

እስቲ ይህን 13 ኪሎ እናስላው። በቀን 2,200 ካሎሪ የሚበላ ሰው በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 24 ሚሊዮን ካሎሪ ይበላል። 13 ኪሎ ስብ ደግሞ በግምት 100 ሺህ ካሎሪ ይይዛል፤ ከጠቅላላው 0.4 በመቶ ማለት ነው። ለ30 ዓመት ሲካፈል በቀን 9 ካሎሪ፣ ሻይ ላይ የምንጨምረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር! ሂሳቡ ሻካራ መሆኑን አልክድም፤ ሰውነት በከበደ ቁጥር ብዙ ስለሚያቃጥል የደረሰበትን ኪሎ ለመጠበቅ ከዚህ የበለጠ መብላት ያስፈልጋል። ቢሆንም ይህን የሚያህል ስሕተት በየዕለቱ በዓይን ለክቶ የሚያርም ሰው አላውቅም። ስለዚህ የ45 ዓመት ሴት ኪሎ ስትጨምር «ራሷን መግዛት አቃታት» ማለት ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕድሜ ማቃጠሉን አዘገየው የሚለውም አያስኬድም፦ በ2021 ከ29 አገሮች የተውጣጡ 6,421 ሰዎች ሲለኩ፣ የሰውነት መጠን ከግምት ከገባ በኋላ፣ የማቃጠሉ ፍጥነት ከ20 እስከ 60 ዓመት አልቀነሰም።

ከእኛ ወገን ላለ አንባቢ መነገር ያለበት አለ። የኬራ ድምር የተቀመረው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዘር መረጃ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀመር ወደ አፍሪካውያን ሲመጣ ትክክለኛነቱ በጣም ይወርዳል። ከሁሉም ሕዝብ ይልቅ ሰፊ የዘረመል ብዝኃነት ያለው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ በጥናቱ ማዕድ ዳር መቀመጣችን ያሳዝነኛል። አንድ ድርጅት ምራቅ መርምሮ «የክብደት ዕጣህ ይህ ነው» ቢለን የሚናገረው ስለ ሌላ ሕዝብ ሊሆን ይችላል።

ክብደት መቀነስ ላይ ሲደረስ ደግሞ ውርሱ ያን ያህል አይጨክንም። በ2016 ከ8 ሙከራዎች የ9,563 ሰዎች መረጃ ተሰብስቦ ሲታይ፣ የኤፍቲኦን ፊደል የወረሱት በአመጋገብ፣ በእንቅስቃሴም ሆነ በመድኃኒት ካልወረሱት እኩል ቀንሰዋል። ለጂን የሚስማማ አመጋገብ ይመረጥ የሚለው ሐሳብም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተፈትኗል። በ2018 በታተመው በዚህ ሙከራ 609 ሰዎች ለአንድ ዓመት ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ስኳርና እህል ቀነሱ። በአማካይ አንደኛው ቡድን 5.3፣ ሁለተኛው 6 ኪሎ ወረደ። በሁለቱም ቡድን ውስጥ ግን ወደ 30 ኪሎ የቀነሰም፣ ወደ 10 ኪሎ የጨመረም ነበር። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ይረዳሉ ብለው አስቀድመው የመረጧቸው ሦስት የዲኤንኤ ነጥቦች ለማን የትኛው አመጋገብ እንደሚሻል ሊለዩ አልቻሉም።