ተጨማሪ መረጃ፦ መንትያ ዲስኮች
እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬይድ የተሰኘውን የዲስኮች አደረጃጀት በጥናታዊ ጽሑፍ አቀረቡ። ከደረጃዎቹ አንዱ በሆነው ሬይድ 1፣ እያንዳንዱ መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋል። አንዱ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ በሌላው ሥራውን ይቀጥላል። አዲስ ዲስክ ሲተካ ደግሞ መረጃው ከጤነኛው ይገለበጥበታል፤ ይህም መልሶ ግንባታ ይባላል።

አደጋ ሊያጋጥም የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ጤነኛ የመሰለው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ፣ ሳይታወቅ የተበላሹ ሴክተሮች ሊገኙበት ይችላሉ። ሴክተር ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ትንሹ ክፍል ነው፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ 512 ወይም 4,096 ባይት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች የታመመውን ዲስክ ቶሎ አይጥሉም። ምንም ሳይጽፉበት፣ ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ወደ አዲስ ዲስክ ይገለብጡታል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይወስዳል፤ አስቸጋሪውን ዘሎ በኋላ ይመለስበታል። ከአንዱ የጠፋው ሴክተር በሌላው ላይ ደህና ሊሆን ይችላል።

ልብ በሉ፦ መንትያ ዲስክ መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በስህተት የሰረዛችሁት ፋይል ከሁለቱም ይሰረዛል።

ሞክሩ፦ በሁለት ወረቀቶች ላይ አንድ ዓይነት 20 ፊደላት ጻፉ። ጓደኛችሁ ከእያንዳንዱ ወረቀት በዘፈቀደ 4 ፊደላት ያጥፋ። ወረቀቶቹን አነጻጽራችሁ የጠፉትን መልሱ። የማይመለስ ፊደል የሚኖረው መቼ ነው?